በወይን ጠጅ የታጠበችው

ላይ ካሪያ፣ ኮኒትሳ፣ ግሪክ
ኖቬምበር 14 ቀን 1982

ይድረስ ለምወድህ ለቲምዮ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጅህስ ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ቢመስልህ አትፍረድብኝ። በቤታችን የሚጽፈው ወንድሜ ላምብሮስ ነበር፤ እኔ የተማርሁት ከእሱ ምድጃ ዳር ተቀምጬ ነው።

ሦስት ደብዳቤ ጽፈህ መልስ ያጣህበትን ምክንያት መናገር አለብኝ። ደብዳቤዎችህ ሁሉም ደርሰዋል። ላምብሮስ ግን አላነበባቸውም። ሴፕቴምበር ሃያ ቀን ወይን ስንለቅም ደከመኝ ብሎ ከአጥሩ ሥር ተቀመጠና ውሃ አምጪልኝ አለኝ። ይዤለት ስመለስ ቆቡ መሬት ወድቋል። እሱ ቆቡን ጥሎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም፤ ያን ጊዜ ገባኝ። ወዲያው ልጽፍልህ ይገባኝ ነበር፣ ይቅር በለኝ። ፈራሁ።

አንተን እንዴት እንደሚወድህ ታውቃለህ። ፊደል አስቆጥሮህ ሳይጨርስ ነው በእርስ በርሱ ጦርነት፣ ዘጠኝ ዓመት ሳለህ፣ ከሌሎቹ ልጆች ጋር በተራራው በኩል የወሰዱህ። ሰላሳ አራት ዓመት ሙሉ በደብዳቤ ያስተማረህ ይመስለው ነበር። «እዚህ ግጥሜን የሚያነቡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ቄሱ ኃጢአት ሲፈልግ፣ ፖሊሱ ደግሞ ሌላ ነገር ሲፈልግ። ቲምዮ ግን ሃንጋሪዎቹን አስነበባቸው» ይል ነበር። የተረጎምህለትን መጽሐፍ አንድም ቃል ማንበብ ሳይችል በመዳፉ ይዳብሰዋል።

ስለ እናትህ ለጠየቅኸኝ፣ አዎን፣ ደብዳቤዋን የሚጽፍላት ላምብሮስ ስለነበር ዝምታው ከዚያ የመጣ ነው። አትቀየም። ቤቷ እንዳለ ነው፤ ጣሪያውንም ባለፈው ዓመት አስጠግነናል። ሌላውን በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ለትንሿ የላክኸው ቀይ ጫማም ደርሷል። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ፖሊክሴኒ


ቡዳፔስት፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1982

እትዬ ፖሊክሴኒ፤

ደብዳቤሽን ትራም ስጠብቅ ቆሜ አነበብኩት፤ ሦስት ትራም አለፈኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ጋሼ ላምብሮስ ሞተ ብዬ ነገርኳት። የነገርኳት በሃንጋሪኛ ስለሆነ የሌላ ሰው ሞት መሰለኝ። በግሪክኛ አብሮኝ የሚያለቅስ እዚህ ቤት የለም። መጽሐፎቹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩና ከእነሱ ጋር አለቀስኩ።

ፈራሁ ላልሽው ይቅርታ አያስፈልግም። መርዶ መናገር የሚቀናው ማን አለ?

አዎ፣ አሁንም እተረጉማለሁ። ቀን የፋብሪካ ማሽን መመሪያ፣ ሲመሻሽ የአገራችንን ገጣሚዎች። አሥራ አንድ መጽሐፍ ሆኗል። አሥሩን የሚያውቃቸው የመደርደሪያ አቧራ ነው፤ ሰው የሚያውቀው ጋሼ ላምብሮስ የዛሬ አሥር ዓመት የላከልኝን የትንሿን የክርስትና ግጥም ብቻ ነው። አዋላጆች ግድግዳቸው ላይ ይለጥፏታል፤ የሁለተኛ ክፍል ልጆች በቃላቸው ይወጧታል። አሁን በሥዕል ልትታተም ነው። አንቺም በቃልሽ ሳታውቂያት አትቀሪም፦

በክንዴ ይዣት ወጣሁ፣ ክብደት የላት፤
ጥርስ የላት፣ ግን ትስቃለች።
እንኳን ደህና መጣሽ አሏት ሴቶቹ፤
በወይን ጠጅ አጠቧት፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለሏት።
ስሟን ሳጥኗ ላይ ጻፍኩላት፣
የሚጠራት ሲመጣ እንዲያገኛት።

ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ የማን ልጅ ናት?» ብዬ ጻፍኩለት። «ሁላችንም የምንወዳት ሴት ናት» አለኝ። ወንድምሽ መቼም ከእሱ ቀጥ ያለ መልስ ማግኘት ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ነው። ወይን ጠጁ ለምንድነው አልኩት፤ «የእኛ ወግ ነው» አለ። የሚጠራትስ ማነው ስለው «ሲመጣ ታውቀዋለህ» ብሎ ዘጋኝ። እኔም የክርስትና አባቷ ሆኖ ያነሳት እሱ ራሱ ነው፣ የሚጠራትም አንድ ቀን የሚያገባት ልጅ ነው ብዬ ተረጎምኩ። በየዓመቱ ጫማ የምልክላት ለዚህ ነው፤ ሳላያት ከነእግሯ አሳደግኳት። አሥር ዓመት ስለሞላት ዘንድሮ ሠላሳ አራት ቁጥር ገዛሁ። ልክ ሆናት?

አሁን የእናቴን ደብዳቤ አንቺ ጻፊልኝ። ማሳመር አያስፈልግም፣ ከአፏ እንደወጣ ይሁን። አጀማመሯን ታውቂያለሽ፣ «የዓይኔ ብርሃን ቲምዮ»። ስትጨርስ ደግሞ «እግርህን አታርጥብ»፤ ወንዙን ሊያሻግሩን ሲሉ የነገረችኝ የመጨረሻ ቃል ነው። አርባ አራት ዓመቴን ልይዝ ነው፣ ዛሬም ዝናብ ሲዘንብ ቃሏን አከብራለሁ።

ልጄ አግላያ፣ በእናቴ ስም የወጣላት፣ በኤፕሪል ትወልዳለች። እማዬ ቅድመ አያት ልትሆን ነው። ንገሪያት።

ቲምዮስ


ላይ ካሪያ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1983

ይድረስ ለቲምዮ፤

ለአዲሱ ዓመት እንኳን አደረሰህ። መልሴ የዘገየው በረዶው መንገዱን ዘግቶብን ነው። እውነቱን ለመናገር መንገዱ ከተከፈተ ሳምንት አልፎታል።

የጠየቅኸኝን ማድረግ አልቻልሁም። ሁለት ጊዜ ብዕር አንስቼ አስቀመጥሁ። እኔ ላምብሮስ አይደለሁም፤ የሰውን ቃል ከአፉ ተቀብሎ ወረቀት ላይ ማስፈር አላውቅበትም። ምን አለች ላልኸኝም ምንም አላለች። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሄጄ አያታለሁ፣ መብራቷን አበራላታለሁ፣ ቤቷንም ከፍቼ አናፍሳለሁ። ስለ አግላያ ነግሬያታለሁ። ጮክ ብዬ ነው የነገርኋት።

ስለ መመለሱ ሕግ ሰምተህ ከሆነ እውነት ነው። ቡና ቤት ያለው ሬዲዮ ሲናገር እኔም በሩ ላይ ነበርሁ። በጦርነቱ የወጡት የፈለጉ ሁሉ መመለስ ይችላሉ ሲል ሰዉ ተላቀሰ። «ልጆቻችን ሊመጡ ነው» ይላሉ፤ ከልጆቹ ግማሾቹ አያት ሆነዋል። ዳቦ ጋጋሪው ስቴርጊዮስ ብቻ ጥግ ተቀምጦ «በሩን የከፈቱልን ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው» አለ። ሁሉም ተቆጡት፣ ያልተቆጣሁት እኔ ነኝ።

አንተ ግን አትቸኩል። በፋሲካ መንገዱ ጭቃ ነው። በጋ ይሻላል። መከር ደግሞ ከበጋ ይሻላል፣ ወይኑ ይደርሳል። ልጅህም አራስ ትሆናለች፤ አራስ ልጅ ጥሎ መንገድ አይኬድም።

ለትንሿ ጫማ አትላክ። ተው እባክህ። ልክ ሆናት ወይ ብለህም አትጠይቀኝ።

ፖሊክሴኒ


ቡዳፔስት፣ ፌብሯሪ 13 ቀን 1983

እትዬ ፖሊክሴኒ፤

መከር ይሻላል ነው ያልሽኝ? ሰላሳ አምስት ዓመት የጠበቀን ሰው በጭቃ ታስፈራሪዋለሽ?

ፓስፖርቴን ይዣለሁ። እስከ ተሰሎንቄ ባቡር፣ ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ። በሕማማት ሐሙስ ኮኒትሳ እደርስና በመጨረሻው መኪና ወደ ላይ ካሪያ እገባለሁ። ትኬቱን ገዝቼ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ሸሽጌዋለሁ፤ በየቀኑ አንድ ጊዜ አየዋለሁ።

አሁን እውነቱን ንገሪኝ። የምትደብቂኝ ነገር እንዳለ ጽሕፈትሽ ይናገራል። ዓይኗ ጠፍቷል? ይጥፋ፣ በእጇ ትዳብሰኛለች። አእምሮዋ ሄዶ ረስታኛለች? እሱም ይሁን። ማን እንደሆንኩ ሳታውቅም ቢሆን እግሯ ሥር መቀመጥ ነው የምፈልገው። ሰው ሁሉ ጎበዝ ተርጓሚ ነህ ይለኛል፤ እናቴ ፊት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ በቃሌ ተናግሬ አላውቅም፣ ካደግኩ ወዲህ። ድምፄን አታውቀውም። ለሌላ ነገር አይደለም የምመጣው፣ ድምፄን ላሰማት ነው። ከዚህ በታች ያለውን ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

እማዬ፣ ልመጣልሽ ነው። ምንም አታዘጋጂ። በር ላይም አትቁሚ፣ ብርድ ነው። ሳንኳኳ «ማነው?» በይኝ፤ እኔ እመልሳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማተሚያ ቤቱ እያጣደፈኝ ነው። ሠዓሊዋ ትንሿን ያስተኛችሁበት ሳጥን ምን እንደሚመስል ማወቅ ትፈልጋለች። እኔ የሚወዛወዝ የሕፃን አልጋ አድርገሽ ሳይው ብያት ነበር። «ግጥሙ ሳጥን ነው የሚለው» ብላ ተከራከረችኝ። በኋላ «ክዳን አለው?» አለችኝ፤ ይኖረዋል አልኳት። «ክዳን ካለው ታዲያ ሕፃኗ በምን ትተነፍሳለች?» አለች። ሳቅኩባት። መልሱን ግን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ቲምዮስ


ላይ ካሪያ፣ ማርች 13 ቀን 1983

ልጄ ቲምዮ፤

ይህን ደብዳቤ ቆመህ አታንብበው። ባለቤትህን ጥራትና አጠገብህ ትቀመጥ። ይህን የሚናገር ሰው ሁለት ሦስት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ እኔ ብቻዬን ቀርቼ ነው።

ሳጥኑ ክዳን አለው።

ትናንት የሙታን ቅዳሜ ነበር። ስንዴ ቀቅዬ፣ ሮማንና ስኳር ነስንሼበት ቤተ ክርስቲያን ወሰድሁ። ካህኑ በወረቀት የሰጠሁትን ስሞች አነበበ፤ አባቴን፣ እናቴን፣ ላምብሮስን፣ አግላያን። እናትህን ነው ቲምዮ። እናትህ ከሞተች አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

በፌብሯሪ 1969 ሳንባዋን ታማ በአራተኛው ቀን ሞተች። ላምብሮስን አጠገቧ አስቀምጣ አስማለችው። «እንደሞትሁ አትጻፍበት። መምጣት ለማይችል ልጅ ሞቴ ምን ይሠራለታል? መንገዱ የተከፈተ ዕለት ንገረው» አለችው። እሱም ማለ። ከዚያ በኋላ የደረሱህን ደብዳቤዎች ሁሉ የጻፈው ከራሱ ነው። በየወሩ ወደ ቤቷ ይሄድና እሷ ትቀመጥበት ከነበረው በርጩማ ፊት ቁጭ ብሎ ይጽፋል። አንድ ቀን ሰምቼዋለሁ፣ «ሌላስ ምን ልበልልሽ?» ይላታል።

ከዚያ ሦስተኛው ዓመት ደረሰ። እዚህ ሰው ከዚያ በላይ አፈር ውስጥ አይተውም። መቃብሩ ይከፈታል፣ አፅሙ ይወጣል፤ ሴቶች በወይን ጠጅ አጥበው በነጭ ጨርቅ ይጠቀልሉትና በሳጥን ሆኖ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው የአፅም ቤት ይገባል። የሚያወጣው ልጁ ነው። የሚያወጣው ያጣ ወደ ጋራ ጉድጓድ ይጣላል። ላምብሮስ «ልጅ አላት፣ ሩቅ ሆኖ ነው እንጂ» ብሎ በአንተ ፋንታ እሱ ቆፈረ። ያጠብኋት እኔ ነኝ። ራስ ቅሏን ይዞ ብቅ ሲል ሁላችንም እንኳን ደህና መጣሽ አልናት፤ ወጉ ነው፣ ሦስት ዓመት ጨለማ ውስጥ ኖራ ብርሃን አየች። ጥርስ አልነበራትም። የምትስቅ ትመስል ነበር።

በዚያው ሳምንት ግጥሙን ጻፈ። «መሐላዬን አላፈረስሁም፤ እሱ ግን ይገባዋል። እዚህ አገር ተወልዶ ይህን አንብቦ የማያለቅስ የለም» አለኝ። መርዶህ ያ ነበር ልጄ። መልስህን አርባ ቀን ጠበቅነው። አርባ አንደኛው ቀን ላይ እንኳን ደስ ያላችሁ የሚል ደብዳቤና አውራ ጣት የምታክል ቀይ ጫማ መጣ። ላምብሮስ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሲያየው ዋለ። «በዘጠኝ ዓመቱ ነው የወሰዱት። ሕፃን ልጅ መቃብር ሲከፈት አይቆምም። እሱ የት አይቶት? የኔ ጥፋት ነው» አለ። ከዚያ እውነቱን ሊጽፍልህ አስቦ ሳለ ግጥሟን ሰዉ ሁሉ ወደዳት ብለህ ጻፍህ። ደስታህን ማፍረስ አቃተው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛው ግን እያደር ጨለመ።

ጫማዎቹ ሁሉ እኔ ዘንድ ናቸው፣ ልብሴ መሃል። ለአንድም ልጅ አልሰጠሁም፤ ምን ብዬ እሰጣለሁ?

መንገዱ ሲከፈት እንዲነግርህ የማለው እሱ ነበር። ተከፈተ፣ እሱም የለም። እኔ ሳልምል ለእኔ ተረፈ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ተቀምጠህ እንዳነበብኸው ብቻ ንገረኝ።

ፖሊክሴኒ


ላይ ካሪያ፣ ኤፕሪል 5 ቀን 1983

ልጄ ቲምዮ፤

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ሰላምታ እንኳ የለውም፤ ጥያቄ ብቻ። በተራ እመልስልሃለሁ።

ከደብዳቤዎቹ የእሷ የሆኑት እስከ ጃንዋሪ 1969 ድረስ ያሉት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ያሉት የላምብሮስ ናቸው። አጀማመሩና አጨራረሱ ግን የእሷ ነው፤ እሱን አልቀየረውም።

ስናወጣት ከአንድ እንቅብ ባቄላ አትከብድም ነበር። ፀጉሯ ትንሽ ነበር፣ ከሻሹ ጋር ተጣብቆ። ቀለበቷን ከሳጥኑ ውስጥ አስቀምጠነዋል።

አዎ፣ ስምህን ጠርታለች። በመጨረሻው ቀን ግን አንተን የጠራች አልመሰለኝም፣ የምትፈልገው ያንን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ጫማህ የት እንዳለ ትጠይቀን ነበር።

ስለሌሎቹ ግጥሞች፣ መስኮቱ ላይ ያለው ዳቦ ዳቦ ነው። ወንዙም ወንዝ ነው። አሁን በየመስመሩ ሥር ሬሳ አትፈልግ፤ ላምብሮስ ዳቦ ሲል ብዙውን ጊዜ ርቦት ነው። በአንድ ገደል የወደቁት ሁለቱ ወንድማማቾች የቄሱ በቅሎዎች ናቸው። በጦርነቱ የሞቱ ወንድማማቾች አድርገህ ተርጉመሃቸው ከሆነ ምን እልሃለሁ? እዚህ ሰው ሁሉ የሚስቅባት ግጥም ናት። ጥቁር ሻሽ የተንጠለጠለበት በር ግን ሞት ነው፤ እሱን በትክክል አውቀኸዋል።

ላምብሮስን የረገምህበትን ቦታ ሁለቴ አነበብሁት። አልከፋኝም። እኔም ወጥ ሳማስል ድንገት እረግመዋለሁ፣ መርዶውን ጥሎብኝ ስለሄደ። ከዚያ ሄጄ መብራቱን አበራለታለሁ።

ትኬትህን አትመልስ። አልጋውን አንጥፌልሃለሁ።

ፖሊክሴኒ


ቡዳፔስት፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1983

እትዬ ፖሊክሴኒ፤

ባለፈው ደብዳቤ ሰላምታ ስላልሰጠሁሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። እንደምን ነሽ? ጉልበትሽስ?

ትኬቱን መልሻለሁ። ነገሩን ላስረዳሽ፣ ከቻልኩ።

ደብዳቤዎቿን ሁሉ አውጥቼ ለሁለት ከፈልኳቸው። የእሷ አርባ ሦስት ናቸው፣ አጫጭር፤ ብርዱ፣ ፍየሏ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ። የእሱ ከመቶ ሃምሳ ይበልጣሉ። ሕይወቴን ሙሉ በደረት ኪሴ ይዣቸው የዞርኩት፣ ፋብሪካው ውስጥ ሰው እንዳያየኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ያለቀስኩባቸው፣ አንዲት ሳትቀር ከሁለተኛው ክምር ወጡ። እናቴን የወደድኳት እሷ ከሞተች በኋላ ነው። ከእውነተኛዎቹ አርባ ሦስቱ ውስጥ ያልመለስኩላቸው አሉ፤ ወጣት ነበርኩ፣ ሥራ ይበዛብኝ ነበር።

የመጽሐፉ አዘጋጅ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኩት። ደግ ሰው ነው፣ ውሃ ቀዳልኝ። አንድ ገጽ ማስታወሻ እንጨምር፣ ግጥሙ የሕፃን ሳይሆን የሙት እናት ነው ብለን እናስረዳ አልኩት። እሱ ግን «ቲምዮስ፣ ግጥሙ ያለው እናቶቹ ዘንድ ነው። ከእነሱ ማን ቀምቶ ይወስደዋል? ለማንስ ይጠቅማል?» አለኝ። ሕትመቱ ወጥቷል። ሠዓሊዋ በመጨረሻ ክዳን የሌለው ሳጥን ሣለች፣ በአበባ የተከበበ።

ልጄ ሰኞ ዕለት ወለደች። ሴት ናት፣ ደህና ናቸው። ለአግላያ የነገርኳት አያቷ መሞቷን ብቻ ነው፤ ስለ ግጥሙ ምንም አላልኳትም። አራስ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራታል? ትናንት የባሏ ዘመዶች በሙሉ ተሰብስበው ሳለ አዲሱን መጽሐፍ አምጥታ በእጄ አስያዘችኝ። «አባዬ፣ ከራስህ አፍ ልስማው። ስጠብቀው የኖርኩት ቀን ነው» አለች። ሕፃኗን በአንድ ክንዴ አቀፍኳት። ክብደት የላትም። አነበብኩት፣ እስከ መጨረሻው። ሁሉም በደስታ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ እንባዬን ከእነሱ እንባ የለየው የለም። ለእናቴ ለቅሶ የተቀመጥኩት እንደዚያ ነው፤ ኬክ እየበላን።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። ግጥሙ «የሚጠራት ሲመጣ እንዲያገኛት» ይል ነበር። የሚጠራት ማነው ብዬ ጠይቄዋለሁ። እኔ ነበርኩ። አሥር ዓመት ሙሉ ና ሲሉኝ ጫማ ገዛሁ። ይህን ያላወቀ ሰው ሌላውን ምን ብሎ ተረጎመ? በቅሎዎቹን ለአምስት ዓመት የጦርነት መታሰቢያ በዓል ላይ አንብበውልኛል፤ ሰው ቆሞ ነው የሰማቸው። መዝገበ ቃላቱን ለሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሰጠሁ። ከእንግዲህ አልተረጉምም። ቋንቋው የኔ መስሎኝ ነበር፤ ወንዙን ሳቋርጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቋንቋ ብቻ ይዤ መሻገሬን አላወቅኩም።

መምጣት አልችልም። ላይ ካሪያን ከዚህ ሆኜ ሳስባት በሩ ሲንኳኳ «ማነው?» የምትል ሴት አለችበት። ከመጣሁ እሷም ትሞታለች።

አንድ ነገር ለምኜሽ ላብቃ። አንድ ደብዳቤ ጻፊልኝ፣ በእሷ ስም። ጋሼ ላምብሮስ እንዳደረገው። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ እያወቅኩ ነው የምለምንሽ።

ቲምዮስ


ላይ ካሪያ፣ ሜይ 10 ቀን 1983

ልጄ ቲምዮ፤

ክርስቶስ ተነሥቷል። ለልጅህ እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ። ሕፃኗን ዕድሜ ይስጣት።

ትኬቱን መመለስህን ባውቅም በሕማማት ሐሙስ ወርጄ የመጨረሻውን መኪና ጠበቅሁ። ሁለት ሰው ወረደ። አንዷ የስቴርጊዮስ ምራት ናት። ሌላው በጦርነቱ ወጥቶ ታሽከንት የኖረ ሽማግሌ ነው፤ ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ የማን ቤት የት እንደነበረ ይጠይቀኝ ጀመር። የጠራቸው ሁሉ የሉም። ላንተ ባነጠፍሁት አልጋ አሳደርሁት። ጠዋት የእናትህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ቤቱን ያገኘ መስሎታል፣ አላረምሁትም።

ሳጥኗ ከአፅም ቤቱ በር በግራ በኩል ሦስተኛዋ ናት። ላምብሮስ የጻፈውን ስም ዝናብ ገብቶ አደብዝዞታል። ጉልበቴ መሰላል አላስወጣ ስላለኝ ደግሜ ልጽፈው አልቻልሁም። እኔ እስካለሁ የትኛዋ እንደሆነች አውቃለሁ። ከእኔ በኋላ የሚያውቅ የለም፤ ይህን ልደብቅህ አልፈልግም፣ መደበቅ ሰልችቶኛል። የላምብሮስንም አፅም በሦስተኛ ዓመቱ ማን እንደሚያወጣው አላውቅም።

ለለመንኸኝ ደብዳቤ ትናንት ወደ ቤቷ ሄጄ ላምብሮስ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ተቀመጥሁ። ምን ልበልልሽ አልኋት። እሱን ትመልስለት እንደነበር እንጃ፣ ለእኔ አልመለሰችልኝም። ሲመሽ ተነሣሁ። ወረቀቱን እንዳለ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ከላይ «የዓይኔ ብርሃን ቲምዮ» ብያለሁ፣ ከታች «እግርህን አታርጥብ» ብያለሁ። መሃሉን አላውቀውም።

ፖሊክሴኒ